የአቶ በላቸው ድንጋዮች

አቶ በላቸው መሞቱን የነገረችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። በበሩ ብቅ ብላ "እማማ፣ የድሮው ዳይሬክተራችሁ አረፉ፤ ቀብራቸው ነገ ነው" አለችኝ። "ነፍስ ይማር" አልኳት። ቀብሩ ላይ ግን አልተገኘሁም። ጉልበቴ ዳገት አይወጣም፤ ቢወጣም ለእሱ አላስወጣውም ነበር።

የሄዱት ሰዎች ሲመለሱ የሕይወት ታሪኩ እንዴት እንደተነበበ አጫወቱኝ። ሰዓት አክባሪ፣ ለተማሪዎቹ አባት፣ የሰማይን ምስጢር ለሶዶ ልጆች ያስተማረ ተባለለት አሉ። ሌላውን ሰምቼ አለፍኩ። ሰው ሲሞት የሚባለው ይታወቃል። የሰማዩን ነገር ግን ሰምቼ ማለፍ አቃተኝ። አቶ በላቸውና ሰማይ ምን ያህል እንደሚተዋወቁ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አብረውኝ ካዩት አስተማሪዎች መካከል ዛሬ በሕይወት ያለ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ለሞተ ሰው፣ ያውም ዕድሜ ጠግቦ ለሞተ ሰው፣ "እሳቸው" ማለት ወግ ነው። እኔ ግን "እሱ" እያልኩ ነው የምጽፈው። አብሬው በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ አንቱ ብዬዋለሁ፤ ይበቃዋል።

ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ አስተማሪ ሆኜ ወደ ሶዶ ስመለስ ገና ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ የንጉሡ ነው። ትምህርት ቤታችን ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ዳሞታ ተራራን በስተሰሜን፣ የሁምቦን ቆላ በስተደቡብ እያየ የተሠራ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነበር። አቶ በላቸው ዳይሬክተር ሆኖ ከተሾመ ጥቂት ዓመታት አልፈውታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካኪ ኮቱን በሐሩርም የማያወልቅ ሰው ነው። የእጅ ሰዓት ነበረው። ማሰሪያዋ ብረት ነው፤ ለእጁ በጣም ስለምትሰፋው ሰዓት ሲጠየቅ መጀመሪያ ክንዱን ወደ ላይ ያነሳል፤ ሰዓቷ እስከ ክርኑ ትንሸራተታለች። ከዚያ ክንዱን ያወርዳል፤ ሰዓቷ ተመልሳ አንጓው ላይ ትወድቃለች። ከዚያ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያነባል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ጠያቂው ቆሞ ይጠብቃል። ሰዓቷ ጠባብ ብትሆን ኖሮ ግማሹ ክብሩ ይቀር ነበር እላለሁ።

የሚያረፍድ ልጅ አይወድም። ያረፈደ ልጅ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ይቆያል። ቅጣቱን ሲያስረዳ "ያስረፈደችህን እያት" ይላል። አንድ ቀን ግን ራሱ አረፈደ። ተማሪው ባንዲራ ሥር ተሰልፎ፣ ጤዛው ደርቆ፣ ትንንሾቹ መቆም አቅቷቸው እርስ በርስ መደጋገፍ ጀመሩ። አቶ በላቸው በበሩ ቀስ ብሎ ገባ። ክንዱን አነሳ፣ አወረደ፣ አነበበ።

"አሁን ሁለት ሰዓት ሆነ" አለ። "ደውል!"

ዘበኛው ደወለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሰዓት ማለት አቶ በላቸው በሩ ላይ ሲደርስ መሆኑ ገባኝ።

ስለ ሰማይ ያስተምር ነበር የተባለውም ውሸት አይደለም። ስድስተኛ ክፍልን ያስተምራል። አንድ ብርቱካንና አንድ ሎሚ ይዞ ይገባል። ብርቱካኗ ፀሐይ፣ ሎሚዋ ምድር ናት። ሎሚዋን በብርቱካኗ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ያዞራል፤ "ይህ ሁለት ዓመት ነው፤ ጥያቄ ያለው?" ይላል። ጥያቄ ያለው አይኖርም፤ እንዳይኖር አድርጎ ነው የሚጠይቀው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይን ልጦ ይበላታል፤ ምድርን ደግሞ ለወጥ ቤቱ ኪሱ ይከታታል።

ዘበኛው ኦይቻ ይባላል። የሁምቦ ሰው ነው። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ከብቶቹ ሲያልቁበት ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሶዶ ወጣ፤ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ዘበኝነቱን አገኘ። በሩ አጠገብ ያለችው አንዲት ክፍል ተሰጠችው። ሚስቱ ገበያ ላይ ጎደሬና ዳታ የሚባለውን የቃሪያ ማባያ ትሸጣለች። ልጆቹ ከክፍሏ ወጥተው ጥቂት እርምጃ ሄደው ትምህርት ይገባሉ። ሁምቦ ቢሆኑ ኖሮ ፊደል የሚባል አያዩም ነበር፤ ኦይቻም ይህን ስለሚያውቅ ሥራውን እንደ ዓይን ብሌኑ ይጠብቃል። የመኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱን በብረት እየመታ ሰዓት ይደውላል።

የወላይታ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፤ አይጠጣም፣ አይምልም፣ አይዋሽም። አማርኛው ግን ወንድና ሴት አይለይም። አቶ በላቸው በዚህ መዝናናት ይወዳል።

"ኦይቻ፣ በሩን ዘጋህ?"

"ዘጋሁ። ቁልፉን ለአንቺ ላምጣ?"

"አንቺ? እኔ ሴት ነኝ?"

"አይደለሽም ጌታዬ።"

አስተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ አቶ በላቸውም በራሱ ቀልድ የተሳቀ መስሎት ደስ ይለዋል። ኦይቻ እንዲህ የሚለው አማርኛው ጎድሎት ይሁን አውቆ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ፊቱ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ድንጋዮቹ ልምጣ። አቶ በላቸው ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ አንድ አሳብ ይዞ መጣ። እዚያ ባየው መጽሐፍ ውስጥ የአንድ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት አትክልት ቦታ ሥዕል ነበር፤ በመካከሉም በጥላ የሚሠራ ሰዓት። "ለእኛስ ምን ያንሰናል?" አለን በስብሰባ ላይ። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ሲጠራ ከባንዲራው ፊት ለፊት፣ በሜዳው መካከል፣ ከሰው የሚረዝም ብረት ቀጥ አድርጎ አስተከለ። ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ጃንጥላ ይዞ ተቀመጠ። የእጅ ሰዓቱ አንድ ሰዓት በሞላ ቁጥር "አሁን!" ብሎ ይጮኻል፤ ኦይቻ ጥላው በወደቀበት በኩል ድንጋይ ያስቀምጣል። ማታ ላይ ድንጋዮቹ ከብረቱ በስተሰሜን፣ በዳሞታ በኩል፣ ግማሽ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። በሬንጅ ቁጥር ተጻፈባቸው። በሁምቦ በኩል ያለው ሜዳ ባዶውን ቀረ።

ከአስተማሪዎቹ አንዱ "ዳይሬክተር፣ የቀረው ግማሽስ?" ሲል ጠየቀው።

አቶ በላቸው አላመነታም። "የቀረው ግማሽ ለሌሊት ነው" አለ።

ይህን ስሰማ ቀና ብዬ አየሁት። እየቀለደ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

በማግስቱ ሰልፍ ላይ ንግግር አደረገ። ሰዓት በሰው እጅ ስለሚሠራ ይበላሻል፤ ፀሐይ ግን አትበላሽም፤ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ትምህርት ቤት በፀሐይ ይመራል አለ። ኦይቻ ከብረቱ አጠገብ ቆሞ ጥላው አንድ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ሮጦ ቸርኬውን እንዲመታ ታዘዘ። ለጥቂት ሳምንታት ነገሩ መልካም ሄደ። ከከተማው ሰዎች እየመጡ አዩት። አቶ በላቸው ለእያንዳንዱ ጎብኚ አስረዳ።

የካቲት ላይ ጥላው ማነከስ ጀመረ። ጠዋት አንደኛው ድንጋይ አጠገብ ተኝቶ አልነሳ ይላል። እኔ የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ ሳስተምር የያዝኩትን ሁሉ ጨርሼ፣ ደግሜ፣ ሰልሼ፣ ደወል የለም። ልጆቹ ጠረጴዛ ላይ ይተኛሉ። ቀትር ሲቃረብ ደግሞ ጥላው ከእንቅልፉ ባንኖ ይሮጣል፤ ኦይቻ ከድንጋዩ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ድንጋዩ ሲል ላብ ያጠምቀዋል፤ አንዱ አስተማሪ ሳይወጣ ሌላው ይገባል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተማሪው ከምሳ ተመልሶ ደብተሩን ሳይገልጥ የመውጫ ደወል ይደወላል። ልጆቹ በዚህ ቅር አላላቸውም።

አንድ ቀን በድፍረት "ዳይሬክተር፣ የእጅ ሰዓትዎ ምን ይላል?" አልኩት።

ክንዱን አነሳ፣ አወረደ፣ አየ። ሰዓቷና ድንጋዮቹ ፈጽሞ አልተገናኙም።

"ሰዓቷ ተበላሽታለች" አለ።

"ድንጋዮቹን ያስቀመጡት እኮ በእሷ ነው።"

"ያን ጊዜ ደህና ነበረች። አየሽ ወይዘሪት ዘነበች፣ ሰዓቷን የሠራው የማላውቀው ፈረንጅ ነው። ድንጋዮቹን ያስቀመጥኳቸው ግን እኔ ነኝ።"

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ያንኑ ሒሳብ ለአራተኛ ጊዜ ጀመርኩ።

ደግነቱ መጋቢት ላይ የበልግ ደመና መጣና ጥላ የሚባል ጠፋ። ደወሉ "ለጊዜው" ተብሎ ወደ እጅ ሰዓቷ ተመለሰ። እሷም ማንም ሳይነካት ተሻላት። ፋሲካ ሲደርስ አቶ በላቸው ግቢው እንዲያምር ኦይቻን ድንጋዮቹን ኖራ እንዲቀባ አዘዘው። ኦይቻ አንድ በአንድ አነሳቸው፣ ቀባቸው፣ ሲደርቁ ቁጥራቸውን በሬንጅ ደግሞ ጽፎ ወደ ጉድጓዳቸው መለሳቸው። እኔ በዚያ ሳልፍ አይቼዋለሁ። ድንጋይ የነበረበት ቦታ ሣር አይበቅልበትም፤ ቢፈልግም ሊሳሳት አይችልም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ፣ ግንቦት ላይ፣ ሰማዩ አንድ ቀን ጥርት አለ። በምሳ ሰዓት ከሜዳው ጩኸት ሰማን። ልጆቹ ብረቱን ከበው "ሌሊት ሆነ! ሌሊት ሆነ!" እያሉ ይዘላሉ። የብረቱ ጥላ በሁምቦ በኩል፣ አንድም ድንጋይ በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ ተጋድሟል።

አቶ በላቸው ከቢሮው ወጣ። ልጆቹ ተበተኑ። ጥላውን አየ፣ ድንጋዮቹን አየ፤ ከዚያ ሰማይን ሳይሆን ኦይቻን አየ።

"ማን ነው ድንጋዮቹን ያዞራቸው?"

"ማንም አላዞረም ጌታዬ።"

"ለፋሲካ ኖራ የቀባው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንስተህ ነው የቀባኸው?"

"አንስቼ ቀባሁ። መለስኩ። በቦታዋ መለስኩ።"

"በሁምቦ በኩል የነበሩትን ወደ ዳሞታ አዙረህ መለስክ!"

"ጌታዬ፣ በፊትም በዳሞታ ነበረች።"

"ታዲያ ፀሐይ ናት የዞረችው?" አቶ በላቸው ወደ እኛ ዞረ። "እ? ድንጋዩ ካልዞረ ፀሐይ ናት የዞረችው?"

ሁለት ሦስት አስተማሪዎች ሳቁ። አለቃ ሲቀልድ የሚሳቅ ዓይነት ሳቅ ነው። ድንጋዮቹ ከመጀመሪያው የት እንደነበሩ የማያውቅ አንድም ሰው በዚያ አልነበረም፤ የሳቁትም ያውቃሉ፣ ያልሳቁትም ያውቃሉ።

"ድንጋዮቹ በዳሞታ በኩል ነበሩ" አልኩ።

"ወይዘሪት ዘነበች፣ አንቺ የምትውይው ልጆች ስታስተምሪ ነው ወይስ የኔን ድንጋይ ስትጠብቂ?"

እንደገና ተሳቀ። ኦይቻ የመንግሥት ሥራ አበላሽቷል ተብሎ በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበተ፤ ክፍሏንም እንዲለቅ ታዘዘ። ሚስቱ ድስቷን፣ ቁርበቱንና የጎደሬ ጆንያዋን ተሸክማ በበሩ ስትወጣ አየሁ። ልጆቹ ከኋላዋ ናቸው። ለጊዜው ቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ውስጥ አንድ ጎጆ ተፈቀደላቸው። ሥራ ካልተገኘ ግን ወደ ሁምቦ መመለሳቸው ነው፤ ሁምቦ ውስጥ ደግሞ የሚጠብቃቸው ነገር አልነበረም። ትልቋ ልጃቸው ያን ጊዜ አራተኛ ክፍል ነበረች። ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች።

ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ ያስተማሩን አንድ ህንዳዊ ነበሩ። ክፍሉን አጨልመው፣ ፋኖስ አብርተው፣ ኳስ ዘንበል አድርገው በፋኖሱ ዙሪያ ይሄዱ ነበር። ፀሐይ በዓመት ውስጥ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንደምትመላለስ፣ እንደ እኛ ያለ ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት እንደምታልፍ ያን ጊዜ ተምሬአለሁ። አውሮፓ ላይ ፀሐይ ቀትር ላይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት፤ ጥላው ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ ለእነሱ በአንድ ወገን ድንጋይ መደርደር ይበቃል። ለእኛ አይበቃም። በበጋ ጥላችን ወደ ዳሞታ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ክረምቱ መውጫ ወደ ሁምቦ ነው። ይህ ምስጢር አይደለም። ደጅ ቆሞ የራስን ጥላ ማየት ይበቃል።

ይህን ለመንገር አቶ በላቸው ቢሮ ገባሁ። ኳስ ስላልነበረኝ የጠረጴዛውን ቀለም ጠርሙስና የራሴን ጡጫ ተጠቀምኩ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ሲያልቅ፣

"ይህን ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዬ፤ ህንዳዊ ናቸው።"

"የህንድ ፀሐይ ሌላ ናት" አለና ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

ወጣሁ። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ የቀን ሠራተኛ ተቀጥሮ በሁምቦ በኩልም ድንጋይ መደርደር ጀመረ። አቶ በላቸው ወንበርና ጃንጥላውን ይዞ "አሁን!" ሲል ከክፍሌ ሰማሁት። አዲሱ ግማሽ ክብ ከአሮጌው ጋር ገጥሞ ሙሉ ክብ ሆነ። ስለ ህንድም ስለ ሌሊትም ያነሳ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ አገኘሁትና፣

"እንግዲህ ኦይቻ ይመለሳል?" አልኩት።

"ኦይቻ ምን ሆኖ ይመለሳል?"

"ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑ ታወቀ እኮ።"

"ማን አወቀ?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ምክንያቱን ያወቅነው እሱና እኔ ብቻ ነን፤ ከሁለታችን ደግሞ ማኅተሙ ያለው እሱ ጋ ነው። ኦይቻን ቢመልሰው ፀሐይ ስትዞር ያላወቀው ራሱ መሆኑን ማመኑ ነው። ለዚያ ደግሞ የኦይቻ ልጆች ቢራቡ ይሻለው ነበር።

ሰኔ ላይ ከጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቢሮ ኢንስፔክተር መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ለምሳ የቸኮለ ሰው ነው። አቶ በላቸው ከክፍሎቹ በፊት ወደ ድንጋዮቹ ወሰደው፤ እኛም ተከትለን ቆምን። "ክቡር ኢንስፔክተር፣ እንደ እኛ ባለ አገር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናት ላይ ታልፋለች" ብሎ ጀመረ። ጠርሙሱን፣ ጡጫውን፣ አውሮፓን፣ ዳሞታንና ሁምቦን፣ የነገርኩትን አንድም ሳያስቀር በቅደም ተከተሉ አወረደው። ቃሎቼን ከእሱ አፍ ስሰማ የተሰረቀ ልብሴን ሌላ ሰው ለብሶት ያየሁ መሰለኝ።

ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀ። "ይገርማል! ይህን ቀድመው አውቀው ነው እንግዲህ በሁለት ወገን ያደረጉት?"

"ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ነው" አለ አቶ በላቸው።

እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። በዚያ ትምህርት ቤት ኢንስፔክተር ፊት አፌን ከፍቼ አላውቅም።

"ታዲያ ዘበኛው ለምን ተባረረ?" አልኩ።

ኢንስፔክተሩ "የትኛው ዘበኛ?" ብሎ እኔን ጠየቀኝ። የሆነውን በአጭሩ ነገርኩት። ሰምቶ ሳይጨርስ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር፤ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። ስለ ኦይቻ አዝኖ አይደለም፤ ለራት የሚያወራው ጨዋታ ስላገኘ ነው።

"ኧረ መልሱት፣ ኧረ መልሱት አቶ በላቸው! ፀሐይ አጥፍታ ሰው ይከሰሳል?"

አቶ በላቸው ፊቱ ደም መሰለ። ግን ወዲያው ኮቱን አስተካከለ።

"ይመለሳል" አለ። "ሥርዓቱን ጠብቆ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ይቅርታ ከጠየቀ ይመለሳል።"

ኢንስፔክተሩ "መልካም፣ መልካም" ብሎ ወደ ምሳው ሄደ። ይቅርታው ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

መልእክቱን ለኦይቻ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ጎጆው ደጃፍ ላይ ገመድ ሲጎነጉን አገኘሁት። ነገሩን ሰምቶ ገመዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣

"ድንጋይ አዞርኩ በል ነው የሚሉት?" አለኝ።

"ይቅርታ ጠይቅ ነው ያሉት።"

"መምህርት፣ እኔ ድንጋይ አላዞርኩም። በሽማግሌ ፊት ውሸት ከተናገርኩ ቤተ ክርስቲያን ምን ይለኛል? ልጆቼ ምን ይለኛል?"

ሚስቱ ከውስጥ በወላይትኛ አንድ ነገር ጮክ ብላ ተናገረች። ልጆቹን ወደ ሁምቦ የሚመልሳቸው ጋሪ ደርሶ፣ እሱ ገና ስለ ድንጋይ ያስባል ማለቷ ነው። ኦይቻ ገመዱን መጎንጎን ቀጠለ። እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ምን እንደሚያደርግ አላወቅኩም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኦይቻ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። አንደኛው አቶ ቶማ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ፣ ሁለተኛው በከተማው የታወቁ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አቶ በላቸው እኔም እንድገኝ አዘዘ። "ተማሪበት" አለኝ። ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ከወንበሩ አልተነሳም።

ነጋዴው ጀመሩ። "ጌታዬ፣ ሰው ያጠፋል፣ ሰው ይምራል። ኦይቻን ይማሩልን።"

"ምን እንዳጠፋ ራሱ ይናገር" አለ አቶ በላቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ቶማ መሬት መሬት አዩ። ኦይቻ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ወጣ። አልዋሽም ብሎ የሚወጣ መሰለኝ። አራተኛ ክፍል ያለችው ልጁ ዓይኔ ላይ ድቅን አለች።

"ጌታዬ" አለ ኦይቻ። "እኔ ውሸት አልናገርም። ድንጋይ አላዞርኩም።"

"እንግዲያውስ..."

"ቆይ ጌታዬ፣ አልጨረስኩም። አንቺ ያን ቀን ብለሻል፤ ድንጋይ ካልዞረ ፀሐይ ነው የዞረችው ብለሻል። እኔ ቤቴ ሄጄ አሰብኩ። ድንጋይ አልዞረም። እንግዲህ የቀረው ፀሐይ ነው። ፀሐይ ዞሯል።" ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ። "የዞረው ግን በዚህ ግቢ ነው። የግቢው ዘበኛ እኔ ነኝ። በእኔ ጥበቃ ስንት ነገር ሲወጣ ሲገባ አያለሁ፤ ፀሐይ ሲዞር ግን አላየሁም። አልከለከልኩም። ጥፋት የእኔ ነው። ይማሩኝ።"

ነጋዴው ሳላቸው። ሳሉ፣ ሳሉ፣ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አቶ ቶማ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደሚጸልይ ሰው ቆሙ። እኔ መስኮቱን አየሁ።

አቶ በላቸው አገጩን ይዞ አሰበ። በእውነት አሰበ፤ ግንባሩ ሲቋጠር አይቻለሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"ይኸው ነው" አለ። "ሰው ጥፋቱን ማመን አለበት። ከመጀመሪያው እንዲህ ብትል ይህ ሁሉ ባልመጣ።"

"ልክ ነሽ ጌታዬ።"

"ሁለተኛ እንዳይደገም።"

"በሚመጣው ዓመት በደንብ እጠብቀዋለሁ።"

"ምሬሃለሁ" አለ አቶ በላቸው። "ሰኞ ሥራህን ጀምር። ክፍልህም ተመልሳልሃለች።"

ሽማግሌዎቹ ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ "ይቅር ይቅር" አላቸው፤ ኦይቻም እጅ ነስቶ ተከትሏቸው ወጣ። ግቢውን በእርጋታ አቋረጡ። በሩን አልፈው መንገድ ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ፈነዳ። በወላይትኛ አንዱ ያቀብላል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ነጋዴው አጥሩን ተደግፈው ሲያጨበጭቡ ይሰማል። እኔ በዚያ ትምህርት ቤት እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

አቶ በላቸው ጆሮውን ወደ መስኮቱ ጣለ።

"ምን ሆነው ነው የሚስቁት?" አለኝ።

"ስለማሩላቸው ደስ ብሏቸው ይሆናል" አልኩት።

አመነኝ።